ፈረሱ ያልተመለሰበት ቀን

በኃይሉን ላፍቶ ውስጥ ዕድሜው ከአርባ ያለፈ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ በፊቱ ሳይሆን በድምፁ። በቪዲዮ ቤት ዘመን፣ መቶ ሰው ተጠባብቆ በሚቀመጥባት የጭቃ ቤት ጥግ ላይ ማይክ ጨብጦ የህንዱንም የቻይናውንም ፊልም በአማርኛ የሚያወራው እሱ ነበር። ህንድኛ አያውቅም። ቻይንኛማ ጭራሽ። ግን አንድም ቀን "ይህን አላውቀውም" ብሎ ዝም ብሎ አያውቅም። ተዋናዩ አፉን ከከፈተ በኃይሉ ይናገርለታል፤ ሟች ከሞተ በኋላም ቢሆን ሁለት ቃል ኑዛዜ ይጨምርለታል። አንድ ጊዜ አገር የሚያስለቅስ የህንድ ፊልም ላይ እናትየዋን የቀበሌ ሊቀመንበር አማት አድርጓት ሰው ከአግዳሚ ወንበር ላይ እየወደቀ ሳቀ። የቤቱ ባለቤት ያንኑ ፊልም ሦስት ሳምንት ደጋግሞ አሳየው።

ከዚያ ዲሽ መጣ፣ ስልክ መጣ፣ ቪዲዮ ቤቷም ፈርሳ ፎቅ ተተከለባት። በኃይሉ ማይኩን ይዞ ወደ ሀይሌ ጋርመንት አደባባይ ወረደ። አሁን ሃምሳ ስድስት ዓመቱ ነው። አደባባዩ ዙሪያ ባሉ ሱቆች በር ላይ በተሰቀለው ድምፅ ማጉያ "ግቡ፣ እዩ፣ ምረጡ፣ ዛሬ ብቻ ነው" እያለ ከጠዋት እስከ ማምሻ የሚጮኸው የእሱ ድምፅ ነው። እሱ ቀድቶ ይሰጣቸዋል፣ እነሱ ያስጮኹታል። በዚያ ሲያልፍ አንገቱን ደፍቶ ነው። "ዛሬ ብቻ" ያለው ነገር ስድስት ወር ሙሉ ሲጮኽ መስማት ለማንም ቢሆን ያሳፍራል፤ ለእሱ ግን ከማፈርም በላይ ውርደት ነበር።

እና ማርቲ የምትባል ወጣት፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ ፊልም የምታስተምር ልጅ፣ አንድ ቀን ከሱቅ ሱቅ ጠያይቃ አግኝታው "ጋሼ፣ የድሮው የቪዲዮ ቤት ተርጓሚ አንተ ነህ አይደል?" ስትለው ያሾፈችበት መሰለው። አላሾፈችም። ካፌ አስገብታ ማኪያቶ አዘዘችለትና ነገሩን አስረዳችው።

ፊልሙ ድምፅ የለውም። የዛሬ ዘጠና አምስት ዓመት ገደማ አንድ ፈረንጅ እዚሁ አገር ዞሮ፣ እዚሁ ላፍቶ ወንዝ ዳር ሳይቀር ድንኳን ጥሎ ያነሳው ነው። ግማሹ ያየው እውነት ነው፤ ገበያው፣ የሚያርሰው ገበሬ፣ ወንዝ የሚሻገረው ሰው። ግማሹ ደግሞ የፈጠራ ነው፤ ፈረንጁ ራሱን ጀግና አድርጎ አንበሳ ያባርራል፣ ገደል ይወጣል፣ በሽፍታ የተጠለፈች ልጃገረድ ያስጥላል። ሁለቱን ስለቀላቀላቸው ያን ጊዜ በውጭ አገር ያየው ሰው ሁሉንም እውነት ብሎ ነው የዋጠው። ፊልሙ የሆነ ምድር ቤት ውስጥ ሲበሰብስ ኖሮ አሁን ተገኝቶ ታድሷል። ሌላ አገር ከመዞሩ በፊት ጀሞ ባለው አዳራሽ እሁድ ከሰዓት ለአካባቢው ሰው ይታያል። በመሃል በመሃሉ የሚመጣውን የውጭ ጽሑፍ ወደ አማርኛ የሚያነብ፣ ዝምታውንም የሚሞላ ሰው ተፈልጓል። የሚናገረው ይቀዳና ከፊልሙ ጋር አብሮ ይኖራል።

"ጽሑፉን ተርጉመን በወረቀት እንሰጥሃለን፤ አንተ ነፍስ ትዘራበታለህ" አለችው።

ነፍስ ትዘራበታለህ። በኃይሉ ይህቺን ቃል እንደ ጠጅ ጠጣት። ወደ ቤቱ ሲሄድ ሱቆቹ ሲጮኹ እንኳ አንገቱን አልደፋም።

ላፍቶ ውስጥ ወሬ ሲሄድ ታክሲ አይጠብቅም። በማግስቱ ለሊሴ ደወለችለት። ለሊሴ የአባባ ጉርሜሳ የመጨረሻ ልጅ ናት፤ አባቷን የምትጦርም የላሞቹን ወተት ለሰፈሩ የምታዳርስም እሷ ናት። የአባባ ጉርሜሳ ቤተሰብ እርሻ አንድ ጊዜ ከወንዙ ተነስቶ እዚያ ኮንዶሚኒየሙ እስከቆመበት ድረስ ይደርስ ነበር። አሁን የቀራቸው ግቢያቸውና አራት ላሞች ናቸው፤ ዙሪያውን ፎቅ ከቦት ፀሐይ የሚገባው ረፋዱ ላይ ለሁለት ሰዓት ያህል ነው። ሽማግሌው ዘጠና ሁለት ዓመታቸው ነው። ዓይናቸው ከጠፋ ሰባት ዓመት አልፎታል፤ ሐኪሙ የማይመለስ ነው ብሏል።

በኃይሉ ተጠርቶ ሲሄድ አጠገባቸው አስቀመጡትና፣ ሰላምታውን በቅጡ ሳይጨርሱ፣ ስለ ፊልሙ ከማርቲ የበለጠ እንደሚያውቁ አሳዩት። ፈረንጁ ሲመጣ እሳቸው አልተወለዱም። የተወለዱት ግን በዚያ ፊልም ምክንያት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፈረንጁ በዚህ አገር ሴት ልጅ በፈረስ እንደምትጠለፍ ሰምቶ ኖሮ፣ ይህን ካላነሳሁ አልሄድም አለ። አንዲት ቆንጆ ልጃገረድና አንድ ጎበዝ ጋላቢ ፈለገ። ልጅቷ ቢፍቱ ሆነች። ለሌላ ሰው ታጭታለች፤ አዝመራው ሲገባ ልትዳር ነው። ጋላቢው ሮበሌ ሆነ። ሮበሌ ደግሞ ባለፈው ዓመት ሽማግሌ ልኮባት የተከለከለ ሰው ነው። ይህን መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ የማያውቀው ፈረንጁ ብቻ ነው። ጨዋታ ነው ተባለ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ፣ አባቷም ፈቀዱ። ከፊትህ አፈናጥጣት፣ እስከ ዋርካው ጋልብ፣ ዋርካው ጋ ስትደርስ ተመለስ፤ ሮበሌ የታዘዘው ይህ ነበር። ሮበሌ አፈናጠጣት፣ እስከ ዋርካው ጋለበ፣ አልተመለሰም። በዚያው የፉሪን ተራራ ተሻግሮ ዘመዶቹ ዘንድ ገባ። በሦስተኛው ቀን ሽማግሌዎች ሄዱ። በጨዋታ ይሁን በምር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በአገር ፊት በፈረስ የተወሰደችን ልጅ እጮኛዋ አልፈልግም አለ፤ ወጉ ለዚህ "ጨዋታ ነበር" የሚል ቦታ የለውም። ሽማግሌዎቹ አስታረቁ፣ ከብት ተነዳ፣ ቢፍቱ የሮበሌ ሚስት ሆነች። አባባ ጉርሜሳ የመጀመሪያ ልጃቸው ናቸው። ስድስት ዓመት ሲሞላቸው እናታቸው በንዳድ ሞተች።

አባታቸው ሮበሌ እስኪሞት ድረስ የሚለው አንድ ነገር ነበር፦ ትስቅ ነበር፤ ተስማምተን ነው፤ የፈረንጁ ሥዕል ሰበብ ሆነልን። የእናታቸው እህት ደግሞ እስክትሞት ድረስ ሌላ ትል ነበር፦ ድምጿ እስኪዘጋ አልቅሳለች፤ አባትህ ሌባ ነው። ሌላ የሚጠየቅ ሰው አልነበረም። ሰውየው ዘጠና ሁለት ዓመት ሙሉ ከፍቅር ይወለዱ ከስርቆት ሳያውቁ ኖረዋል። በልጅነታቸው "የፈረንጅ ሥዕል" እያሉ ይሰድቧቸው የነበሩት እኩዮቻቸው ሁሉ ሞተው አልቀዋል፤ ጥያቄው ብቻ አልሞተም።

"አሁን ፊቷ ተገኘ አሉኝ" አሉ፤ "ፊቷ ሲገኝ የእኔ ዓይን የለም። አንተን አውቅሃለሁ። ያን ጊዜ ቪዲዮ ቤት ሁለቴ ገብቼ ሆዴን ይዤ ስቄያለሁ። ውሸትህ ጥሩ ነበር። እዚህ ላይ ግን እንዳትጨምርበት። እየሳቀች ከሆነ ትስቃለች በል። እያለቀሰች ከሆነ ታለቅሳለች በል። ሌላ ምንም አልፈልግም።"

"እሺ አባባ።"

"እናትህን በል።"

"እናቴን" አለ በኃይሉ። ከልቡ ነበር።

ለሊሴ እስከ ግቢው በር ሸኘችው። በሩ ላይ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ አባቷ ልባቸው ደካማ እንደሆነ፣ የሚያስከፋ ነገር ካለ እንዴት አድርጎ እንደሚናገረው አስቦበት እንዲመጣ ለመነችው። ለእሷም "እሺ" አላት። በሩብ ሰዓት ውስጥ ለአባትየውም ለልጅየዋም ቃል ገባ፤ ሁለቱ ቃሎች አብረው እንደማይሄዱ ታክሲ ውስጥ ሆኖም አልታየውም።

ሐሙስ ዕለት ማርቲ ፊልሙን በላፕቶፕ አሳየችው። የጠለፋው ቦታ ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው። በኃይሉ ሦስት ጊዜ አስመልሶ አየው።

ልጅቷ እንስራ አዝላ ከወንዙ ትወጣለች። ወደ ካሜራው አየት አድርጋ ትስቃለች፣ አፍራ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። የፊት ጥርሷ ፍንጭት ነው። ፈረሰኛው ሲመጣ እንስራውን ቀስ ብላ መሬት ላይ ታስቀምጣለች፤ የምትጠለፍ ሰው እንስራዋን እንዳይሰበር ብላ አታስቀምጥም፣ ጨዋታ መሆኑ ያስታውቃል። እጇን ራሷ ዘርግታ ሰጠችው፤ እየሳቀች ወጣች። ከዳር የቆመው ሰው ሁሉ ያጨበጭባል። ፈረሱ ዋርካው ጋ ደረሰ። አለፈ። ባርኔጣ ያደረገ አንድ ሰው፣ የፈረንጁ ረዳት ይመስላል፣ ከየት መጣ ሳይባል ሮጦ ሥዕሉ ውስጥ ገባና ሁለት እጁን እያወናጨፈ ተመለስ ይላል። ካሜራው ፈረሱን ተከተለ። ልጅቷ ዞር አለች። ፊልሙ ሲታደስ ፊቷ ጥርት ብሎ ወጥቷል። አንድ እጇን ወደ መንደሩ ዘርግታለች፣ በሌላው እጇ የሮበሌን ደረት ትደበድባለች፣ አፏ እንደተከፈተ ነው። ያ ፊት ተርጓሚ አያስፈልገውም።

ቀጥሎ ጽሑፉ መጣ። ማርቲ በሰጠችው ወረቀት ላይ "የዱር አገር ልጅ ታለቅሳለች፤ የሚሰማትም የለም" ይላል። ያልታሰበው ጠለፋ ፈረንጁ ካዘዘው የተሻለ ስለሆነለት አልጣለውም፤ ደስ ብሎት ከፊልሙ አስገባው።

ከዚያ ጀግናው ፈረንጅ ልጅቷን ሲያስጥል ይታያል። የምትድነው ልጅ ፊቷን ሙሉ በሙሉ በነጠላ ተሸፍናለች፤ ቁመቷም አጠር ይላል። ማርቲ እንደነገረችው አንድ የውጭ ምሁር ይህን ሽፍንፍን ምሥጢራዊ ምልክት ነው ብሎ ሃያ ገጽ ጽፎበታል። በኃይሉ ምልክት እንዳልሆነ ያውቃል። እውነተኛዋ ልጅ ስላልተመለሰች ሌላ አቁመው ነው። ይህን ለማርቲ አልነገራትም። ለምን እንዳልነገራት ቢጠየቅ የአባባ ጉርሜሳ የቤት ገመና ስለሆነ ነው ሊል ይችላል፤ እውነቱ ግን አዳራሹ ፊት ራሱ ሊያወጣው አስቦ ነው። ወረቀቱ ላይ "ታለቅሳለች" የምትለዋን ቃል በእስክሪብቶ ሁለት ጊዜ አሰመረባት። አንዲት ቃል ናት። ምን ይከብዳል?

እሁድ በስምንት ሰዓት አዳራሹ ጢም አለ። ከኮንዶሚኒየሙ ቤተሰቡን ይዞ የመጣ አለ፤ ከውጭ የመጡ እንግዶችም ሁለተኛው ረድፍ ላይ አሉ። አባባ ጉርሜሳ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ ለሊሴ ክንዳቸውን ይዛለች። በኃይሉ ከስክሪኑ ጎን ቆሞ ማይኩን በሁለት እጁ ጨበጠ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ የጨበጠው የሱቅ ማይክ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ወረቀቱን አነበበ። "የተከበራችሁ ተመልካቾች፣ ከፊታችን የሚታየው የተራሮች አገር ነው።" አዳራሹ ቀዘቀዘ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ የስልክ መብራቶች እዚህም እዚያም ቦግ ቦግ አሉ። አንድ ሰው አዛጋ፤ ማዛጋቱ ተጋባ። ከኋላ "ድምፁ የት አለ?" የሚል ተሰማ። በኃይሉ ላብ ላብ አለው። ሱቅ በር ላይ የሚጮኸውና ማንም ዞር ብሎ የማያየው ያ ድምፅ ተከትሎት እዚህ ድረስ የመጣ መሰለው።

ያን ጊዜ ፈረንጁ ከበቅሎው ወደቀ። በኃይሉ ምላሱ ቀደመው።

"እኔኮ መንገዱ አስፋልት መስሎኝ ነው!" አለ በፈረንጁ ድምፅ።

አዳራሹ ፈነዳ። ማርቲ ራሷ አፏን ይዛ ተንፈቀፈቀች። ከዚያ በኋላ ወረቀቱን ያየው የለም። ፈረንጁ ገበያ ገብቶ በግ ሲነካካ "ለስንት ነው? ያለ ደላላ ንገረኝ" ይላል። ገደል ሲወጣ "ሊፍቱ ተበላሽቷል እንዴ?" ይላል፤ ይህን ጊዜ የኮንዶሚኒየሙ ሰው በሳቅ ወንበሩን ደበደበ። በኃይሉ ወጣትነቱ ተመለሰለት። አባባ ጉርሜሳም ሲስቁ አያቸው፤ በድድ የሚሳቅ ሳቅ።

ከዚያ ልጅቷ እንስራዋን አዝላ ከወንዙ ወጣች።

ረሳው እንዳይባል አልረሳውም። ሽማግሌው ቀጥ ብለው ሁለት እጃቸውን ከዘራቸው ላይ ሲጭኑ አይቷል። የተሰመረባት ቃል ጠረጴዛው ላይ ፊት ለፊቱ ናት። "ቆንጆ ልጅ እየሳቀች መጣች" አለ፤ ይህ እውነት ነው። "እጇንም ራሷ ሰጠችው።" ይህም እውነት ነው። አዳራሹ ግን ይህን አልነበረም የጠበቀው። አራት መቶ ሰው አፉን ከፍቶ የሚቀጥለውን ቀልድ እየጠበቀ ነው፤ የሚጠብቅ አፍ ደግሞ በኃይሉን አስችሎት አያውቅም። ለሊሴም ዓይኗን ተክላበታለች፤ እባክህ የሚል ዓይን ነው። ፈረሱ ዋርካውን አለፈ። ልጅቷ ዞረች፣ እጇን ዘረጋች፣ አፏን ከፈተች።

"ወራጅ አለ!" አለ በኃይሉ በቀጭን የሴት ድምፅ። "ኧረ ሹፌር፣ ወራጅ አለ!"

እንዲህ ያለ ሳቅ በቪዲዮ ቤት ዘመንም ሰምቶ አያውቅም። ሰው ተያይዞ ሳቀ፣ አጨበጨበ፣ ከኋላ ያሉት አፏጩ። በኃይሉ በዚያው ሳቅ ላይ ቆሞ ወደ ሽማግሌው ዞረና ምሕረት የመሰለውን ነገር ጨመረበት።

"እየሳቀች ነው" አለ። "አፏን የከፈተችው ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ነው። ደስ ብሏት ሄደች።"

ፊቷ ስክሪኑን ሞልቶ ነበር። ሳቁ መጀመሪያ ከፊት ረድፎች ተቋረጠ፤ ቀጥሎ ከመሃል፣ ከኋላ ያሉት ትንሽ ቆይተው ዝም አሉ። አንዲት ሴት "ኧረ እያለቀሰች ነው" ስትል ለሁሉም ተሰማ። ጽሑፉ መጣ። ማንም ሊያነበው በማይችል ቋንቋ እዚያ ለብዙ ጊዜ የቆመ መሰለ፤ በኃይሉ አላነበበውም። አባባ ጉርሜሳ ወደ ልጃቸው ጆሮ ጠጋ ብለው አንድ ነገር ሲጠይቁ አየ። ለሊሴ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች አንድ ነገር መለሰችላቸው። ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ስክሪኑ መልሰው ያ ቦታ እስኪያልፍ አልተንቀሳቀሱም።

የቀረውን ግማሽ ሰዓት በኃይሉ እንዴት እንደተወጣው አያውቅም። ፈረንጁ ፊቷን የተሸፈነችውን ልጅ ሲያስጥላት ሰው መልሶ ሳቀ። መጨረሻ ላይ ቆመው አጨበጨቡለት። መብራት ሲበራ ከፊት ያሉት ሁለት ወንበሮች ባዶ ናቸው።

ማርቲ እየሮጠች መጥታ አቀፈችው። እንግዶቹ "ወራጅ አለ" ምን ማለት እንደሆነ ጠይቀው፣ ሲተረጎምላቸው ዘግይተው እንደሳቁ ነገረችው። ቅጂው ጥሩ ወጥቷል። ከሰዉ ሳቅ ጋር እንዳለ ከፊልሙ ጋር ይያያዛል። በኃይሉ "እግዜር ይስጥልኝ" አለና ወጣ።

ሰኞ ሥራ አልገባም። ማክሰኞ ጠዋት ለማርቲ ደወለላት። ሁለቱን ደቂቃ ብቻ እንደ ገና እንዲቀዱት፣ እንደ ወረቀቱ እንደሚያነበው፣ ምንም እንደማይፈልግ ለመናት። ለምን ስትለው ሁሉን ነገራት፤ ዋርካውን፣ ሽማግሌዎቹን፣ ሌላዋን ልጅ፣ አባባ ጉርሜሳን። ማርቲ ግን ጊዜው አልፏል አለችው። የተቀዳው ሰኞ ዕለት ተልኳል፤ ተጨርሷል፤ ፊልሙ በሚቀጥለው ወር ከነድምፁ መዞር ይጀምራል። ቅዳሜ እንኳ ብትነግረኝ ኖሮ አለችው። ድምፅዋ ውስጥ ማዘን ነበረ፤ ግን ከማዘኑ ሥር ሌላ ነገርም ነበረ።

"ጋሼ፣ ይሄ ታሪክ ማንም የማያውቀው ነው" አለች። "ሰውየውን ታስተዋውቀኛለህ? ልጽፈው እችላለሁ።"

በኃይሉ ስልኩን ዘጋው።

ቢፍቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ያገኘችው ከዘጠና አምስት ዓመት በኋላ ነው፤ ያገኘችውም የእሱን ነው። አሁን በየአገሩ፣ እጇን በዘረጋች ቁጥር፣ በእሱ አፍ እየቀለደች ትሄዳለች። ተነስቶ በእግሩ ወደ ላፍቶ ወጣ።

ለሊሴ በሩን ከፈተችለት፤ ግባም አትግባም አላለችውም። አባባ ጉርሜሳ የረፋዷን ፀሐይ ይሞቃሉ። ድምፁን ሲሰሙ እንዲቀመጥ ከጎናቸው ያለውን በርጩማ በከዘራቸው ነካ አደረጉለት። አልተቀመጠም።

ሐሙስ ዕለት ፊቷን ሦስት ጊዜ አስመልሶ እንዳየና እውነቱን ሊነግራቸው እንደመጣ ነገራቸው። "ተናገር" አሉት። ተናገረ። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳይጨምር የአንድን ፊልም ሁለት ደቂቃ ተረከ። በመጀመሪያ እንደሳቀች፣ የፊት ጥርሷ ፍንጭት እንደሆነ፣ እንስራዋን እንዳይሰበር ቀስ ብላ እንዳስቀመጠች ነገራቸው፤ ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ ምላሳቸውን በባዶ ድዳቸው ላይ አንሸራተቱ። ፈረሱ ዋርካውን እንዳለፈ፣ ባርኔጣ ያደረገው ሰው እንደሮጠ፣ እንደዞረች፣ እጇን እንደዘረጋች፣ የአባታቸውን ደረት እንደደበደበች፣ እንዳለቀሰች ነገራቸው። ፈረንጁ ያዳነው እሷን እንዳልሆነም ነገራቸው።

"ለሊሴም ትስቃለች ብላኝ ነበር" አሉ ሲጨርስ። "እጇ ግን ክንዴ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሰዉም ሳቁን ሲያቋርጥ ሰምቻለሁ። ያን ጊዜ ገብቶኛል።"

"ይቅር ይበሉኝ አባባ። እንዳይከፋዎት ብዬ ነው።"

"ዳር የቆሙት ሰዎች ምን ያደርጋሉ? እሷ እጇን ስትዘረጋ?"

በኃይሉ "ይስቃሉ" አለ። "ያጨበጭባሉ። ሥዕሉ እስኪያበቃ ይስቃሉ።"

"አንድም ሰው አልተነሳም?"

"ባርኔጣ ካደረገው በቀር።"

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ፀሐይዋ ከፎቁ ጥግ ልትደበቅ ጥቂት ቀርቷታል። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፤ በኃይሉ ቁጣ ቢሆን በወደደ ነበር።

"እነሱን አልቀየማቸውም" አሉ። "ጨዋታ መስሏቸው ነው፤ ፊቷንም በዚያ ርቀት አላዩትም። አንተ ግን ሐሙስ ዕለት ሦስት ጊዜ አይተሃታል።"

ከዚያ ለልጃቸው ወደ ውስጥ እንድታስገባቸው ነገሯት። ለሊሴ መጥታ በክንዳቸው ደግፋ አስነሳቻቸው። ወደ ቤት ሲገቡ በኃይሉ መሃል ግቢ ላይ ቆሞ ቀረ፤ ከሁለቱ አንዳቸውም ሂድ አላሉትም።